የዶክተር ኖርበርት የሎኮሞቲቭ ማደሪያ

«ትንሽ ነው የቀረው» የሚል ሰው የሌለበት ዘመድ የለም። ከዘመድ ቢጠፋ ከጎረቤት አይጠፋም። አጥር ይጀምራል፣ ጀልባ ይጀምራል፣ የልጁን አልጋ ጀምሮ ልጁ አግብቶ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ሰው «መቼ ያልቃል?» ብሎ የሚጠይቀው ሌላ ሥራ የሌለው ብቻ ነው፤ መልሱን ሲሰማ ይመሽበታልና።

ኮልድ ፎርክ በምትባለው የፔንሲልቬንያ የተራራ ከተማ የዚህ ወገን አለቃ ዶክተር ኖርበርት ሲኮራ ነበር፤ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም፣ የምድር ቤቱ ገዥ፣ የከሰል፣ የአመድና የዝገት ባለሙሉ ሥልጣን። ማዕረጎቹን ሁሉ የሰጠችው ሚስቱ አርሊን ናት። ከደረጃው አናት ላይ ቆማ «ክቡርነትዎ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ» ስትል ከታች የሚመጣው መልስ አንድ ነው። ትንሽ ነው የቀረው።

ባቡር በእንፋሎት ይሄድ በነበረበት ዘመን ኮልድ ፎርክ ትልቅ የሎኮሞቲቭ ማደሪያ ነበራት። ባቡር እየጎተቱ ተራራውን ወጥተው የደከሙት ሎኮሞቲቮች እዚያ ገብተው አመዳቸው ይራገፋል፤ ከሰልና ውኃ ይጭናሉ፤ የላላው ብሎን ይታሰራል፤ በመጨረሻም በትልቁ ማዞሪያ ድልድይ ላይ ዞረው እንደ ፈረስ በየጋጣቸው ያድራሉ። ኋላ ናፍጣ መጣ። ማደሪያው ፈረሰ፤ ቦታውም የገበያ አዳራሽ የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ኖርበርት ግን በልጅነቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያየው ነገር ከዓይኑ አልጠፋም። ፀጉሩ ሲመለጥ ምድር ቤት ወረደና ያንኑ ማደሪያ ከእንጨት፣ ከካርቶንና ከሽቦ በትንሹ ይሠራው ጀመር። አንዱ ሎኮሞቲቭ ከስንዝር ብዙም አይበልጥም።

አሻንጉሊት ብሎ መጥራት ክልክል ነው። በዐቢይ ጾም አንድ ዓርብ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እንደ ደንቡ በሥጋ ፈንታ ዓሣ ሲበላ፣ አባ ዶሚኒክ በየዋህነት «የአሻንጉሊት ባቡርህስ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁት። ኖርበርት ሹካውን አስቀመጠና አስረዳቸው። የአመዱ ጉድጓድ ከከሰሉ ማማ በፊት የሚመጣበትን ምክንያት ጀምሮ እስኪጨርስ የአባ ዓሣ እንደ ጫማ ሶል ደረቀ። ከዚያ ወዲህ አባ ሲያዩት ስለ ጤናው ብቻ ይጠይቃሉ።

ሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ይባስ ነበር። አፉን ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ከመስማት በቀር ምን ያደርጋል? ከተማው ግማሹ ስለ አሸዋ ቤቱ የሰማው መንጋጋው ደንዝዞ ነው። ሎኮሞቲቭ ዳገት ላይ እንዳይንሸራተት መንኮራኩሩ ሥር ደረቅ አሸዋ ይረጫል፤ አሸዋውን የሚያደርቅ ትልቅ ምድጃ ያለበት ቤት ነበር። ይህን ሳያውቅ ጥርሱን ያስነቀለ የኮልድ ፎርክ ሰው የለም።

አርሊን የከፈለችው ዋጋ ይበልጣል። ለከሰሉ ክምር እውነተኛ ድንጋይ ከሰል ከሐዲዱ ዳር እየለቀመ በመዶሻ ያደቅና በስቶኪንጎቿ ይነፋዋል። ነፍቶም መልሶ መሳቢያዋ ውስጥ ይከታል። የእህቷ ልጅ ሠርግ ላይ ጫማዋን አውልቃ ስትጨፍር እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጠቁራ ተገኘች። የፀጉሯ መርጫም ቢሆን ከራሷ ፀጉር ይልቅ ማደሪያው ዙሪያ የተነሰነሰውን ሣር አስይዟል።

የሐሞት ጠጠር የያዛት ቀን፣ ወደ ሆስፒታል እያጣደፋት መንገድ ዳር ያለች አሮጌ የብረት የውኃ ጋን ሲያይ መኪናው ቀስ አለ።

«አርሊን፣ አንድ ደቂቃ። ይቺን ዝገት ልያት።»

አርሊን ሆዷን ይዛ እንደታጠፈች፣ «እያት» አለችው። «ከሞትኩ እኔንም በዚያው ቀለም ትቀባኛለህ።»

አላያትም፤ ነዳ። ግን ስትድን፣ ስትመለስ፣ ያለማንም ጠያቂ ራሷ «አቁም» አለችውና እሱ ዝገቱን ሲያጠና እሷ መኪና ውስጥ ብስኩት እየበላች ጠበቀችው። ይህን ለእህቷ አልነገረቻትም።

ኖርበርት የማያውቀውን የሚጠይቀው ክላይድ ማኬልቪን ነበር። ክላይድ በወጣትነቱ ሎኮሞቲቮቹን ከጋጣ እያወጣ ወደ ጋጣ ያስገባ የነበረ ሰው ነው፤ እዚያ ከሠሩት ውስጥ በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ዘጠና ዓመት አልፎት በአረጋውያን ቤት ይኖራል። ኖርበርት በመጣ ቁጥር ክላይድ ድዱን እያሳየ፣ «ዶክተር፣ ጥርስ የለኝም፤ ምን ፈልገህ መጣህ?» ይለዋል። የፈለገው የጋጣዎቹን በር ቀለም ነበር። ክላይድ አንድ ቀን አረንጓዴ ነው ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት ቀይ፣ ከዚያ ደግሞ «በር ነበረው እንዴ?» ኖርበርት ሁሉንም በእምነት ይቀበልና ቤቱ ገብቶ በሩን እንደገና ይቀባዋል። ቀለሙ ከመደራረቡ የተነሳ በሮቹ አልዘጋ ማለት ጀምረው ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሥራውን ያየ ሰው የለም። በሌላ ከተማ ያሉ፣ እንደሱ ባቡር የሚሠሩ ባልንጀሮቹ ማየት ፈልገው ቢለምኑት የአንዱ ጋጣ መብራት አልበራም አላቸው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ብትጠይቀው የጭስ ማውጫዎቹ ጥላሸት ገና ነው አላት። አርሊን እንዲህ ያለ ነገር ለምዳለች፤ ቀልዳ ታልፈዋለች።

አንድ መጋቢት ላይ ግን ክላይድ ሆስፒታል ሰንብቶ ወጣ መባሉን ሰምታ፣ ለውዝ የተጠቀለለበት ዳቦ ጋግራ ልትጠይቀው ሄደች። ከስቷል። የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱን ሳይነካ ይዞራል። ዳቦውን በቡና እያራሰ ቀስ ብሎ በላ፤ አመሰገናት። ከዚያ እንዲህ አላት፦

«ባልሽ ያንን ሁሉ ዓመት እየመጣ ሲጠይቀኝ ኖረ። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ና እይልኝ አልተባልኩም። ምን ብበድለው ነው?»

አርሊን ፍርፋሪውን ከጉልበቱ ላይ ጠረገችለት። ስትወጣ ነርሷን ለብቻዋ ጠይቃ፣ ክላይድን ወደ ምድር ቤት ማውረድ እንደማይቻል፣ ደረጃ የሚባል ነገር በፊቱ እንዳይነሳ፣ ልቡም ብዙ እንደማይቆይ ሰማች።

ቤት ስትደርስ ኖርበርት የሐኪም ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ ከሩዝ ፍሬ ለምታንስ ባልዲ እጀታ ያበጅ ነበር። ክላይድ ያለውን፣ ደረጃ መውረድ እንደማይችልም ነገረችው።  እሱም እንደ ልማዱ ምክንያት መደርደር ጀመረ፤ የማማው መሰላል አልተሰቀለም፣ በሮቹ ቀለማቸው ገና አልተወሰነም፣ እንዲህ ሆኖ ለክላይድ ቢታይ ነውር ነው።

«ለፋሲካ ይደርሳል» አለ። «ትንሽ ነው የቀረው።»

«ኖርበርት» አለች አርሊን፣ «እሱም ትንሽ ነው የቀረው።»

ባልዲዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መነጽሩን አወለቀ። ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገና «መጋዙ የት ነው?» አለ።

ማደሪያውን ወደ ክላይድ ለመውሰድ ከቀረው ሐዲድ ለይቶ መቁረጥ ሁለት ቀን ፈጀ። ድድ ሲከፍት እንደነበረው ተጠንቅቆ፣ ትንፋሹን ይዞ ቆረጠ። አርሊን መብራት ያዘችለት። ያንን ነገር ስንት ጊዜ አቧራ ያመጣብኛል ብላ ስትሸሸው ኖራ፣ አሁን አጎንብሳ ከቅርብ አየችው። ከመስኮቶቹ አንዱ ተሰንጥቆ በጨርቅ ተወትፏል። ግድግዳው ላይ ምስር የምታህል የቀን መቁጠሪያ ተሰቅላለች። አንድ ሠራተኛ ቆቡን አውልቆ ግንባሩን ይጠርጋል፤ ቆቡ ውስጥ የላብ ምልክት አለ። ማን ያያል ብሎ ነው ይህን የሠራው? የከሰሉ ክምር አንጸባረቀባት። ስቶኪንጎቿ ትዝ አሏት፤ ሳቀችም፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

ቅዳሜ አራት ጎረቤቶችና አባ ዶሚኒክ ለሸክም መጡ። ያኔ ነው አንድ ነገር የታወቀው። ዶክተር ኖርበርት የጭስ ማውጫውን ቁመት በፀጉር ስፋት ሲለካ የኖረ ሰው፣ ከደረጃው አናት ወደ ወጥ ቤት የሚያስገባውን በር ለክቶ አያውቅም። ማደሪያው ከበሩ በአንድ ክንድ ይሰፋል።

አንዱ ጎረቤት በጎኑ አስተኝተን እናውጣው አለ። ኖርበርት፣ አባ ዶሚኒክን በጎናቸው አስተኝተን እናውጣቸው የተባለ ያህል አየው። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ለሁለት መቁረጥ ይቻላል፣ ማዞሪያው መሀል ላይ፣ አለ፤ ድምፁ ግን የሱ አይመስልም ነበር። 

አርሊን ወጥታ ከጋራዡ የምስማር መንቀያ ብረቱን ይዛ መጣች። ሳህኖቿን ከመደርደሪያው ላይ አንድ በአንድ አንስታ በረንዳው ላይ ደረደረች። ከዚያ መንቀያውን በበሩ መቃን ሥር አስገብታ ተደገፈችበት። እንጨቱ ተንቋቋ።

«ሎሌያችሁ ነኝ እንዴ ቆማችሁ የምታዩኝ?» አለቻቸው።

መቃኑ ወጣ። ከጎኑ ያለችው ስስ ግድግዳ፣ ራሷ መርጣ ካስለጠፈችው ባለ አበባ ወረቀት ጋር፣ ፈረሰች። ኖርበርት «አርሊን፣ ወጥ ቤትሽ እኮ ነው» ሲል፣ ወጥ ቤት ቆመህ ሳታውቅ አትምከረኝ ብላ ዝም አሰኘችው። ረጃጅሞቹ ከታች፣ አጫጭሮቹ ከላይ ሆነው፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ ቢቀመጥበት በማይፈስበት ሁኔታ ማደሪያውን በደረጃው አወጡት።

በመኪና መጫን አልተቻለም፤ ንዝረቱ ጭስ ማውጫዎቹን ያረግፋል ተባለ። ስለዚህ በእግር ሆነ። ኖርበርት ከፊት ወደ ኋላ እየተራመደ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ይጮኻል፤ አርሊን ክንዷን በሰፊው ዘርግታ መኪና ታስቆማለች። ሰው በየበረንዳው ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ከነመቀሱ፣ ፀጉሩ ግማሽ የተቆረጠው ደንበኛም ከነጨርቁ ቆመው አዩ። አንዳንዱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ባርኔጣውን አነሳ። አንዲት ሴትዮ ቀርባ አጎንብሳ አየችና፣ «አባቴ በዚህ በር ነበር የሚወጣው» ብላ ተከተለቻቸው። ሌሎችም ተከተሉ። የገበያ አዳራሹ መኪና ማቆሚያ ሲደርሱ ኖርበርት እንረፍ አለ። አስፋልቱ ላይ አሳረፉት፤ ዱሮ ትልቁ በቆመበት ላይ ትንሹ ቆመ።  ተሸካሚዎቹ እጃቸውን አፍታተው እንደገና አነሱት።

በአረጋውያን ቤቱ አዳራሽ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ክላይድን ከነተሽከርካሪ ወንበሩ አቀረቡት። ኖርበርት ማዞሪያውን አንቀሳቀሰ፤ አንዲት ጥቁር ሎኮሞቲቭ ቀስ ብላ ዞራ ጋጣዋ ገባች። ክላይድ ወደ ፊት አጎነበሰ። ስለ በሮቹ ቀለም ምንም አላለም። ዓይኑ ከጋጣ ወደ ጋጣ፣ ከውኃ መቅጃው ወደ ማማው ሄደ፤ አሸዋ ቤቱ ላይ ቆመ። ጣቱን ወደ ግድግዳው ጥግ ዘረጋ።

«እዚህ ጋ ይሞቃል» አለ። «ከምድጃው ጀርባ። ክረምት ምሳችንን እዚህ ነበር የምንበላው። ምነው ሰው የለም?»

ኖርበርት ከደረት ኪሱ መቆንጠጫውን አወጣ። ቆቡን አውልቆ ላቡን የሚጠርገውን ሠራተኛ ከቆመበት አንስቶ፣ ክላይድ በጣቱ እየመራው ወዲህ ወዲያ እያለ፣ ምድጃው ጀርባ ካለው ግድግዳ ጋር አስጠጋው። ክላይድ ራሱን ነቀነቀ። ፊቱ ፈታ አለ። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ሥራ እንደጨረሰ ሰው እጆቹን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

እንዲህ ቆይቶ በዙሪያው ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ አየ። ያ ሁሉ ዓመት በሩን ሲያንኳኳ የኖረውንም ሰው እንደ እንግዳ አየው፤ ሐሳቡ ራቅ ብሎ ሄዶ ነበር።

«ማነው የሠራው?» አለ።

ኖርበርት መቆንጠጫውን ወደ ኪሱ መለሰ።  አርሊን ከበስተኋላው መጣችና እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። ፀጉሯ ላይ የግድግዳዋ ኖራ አልረገፈም።

«ባሌ ነው» አለች፤ ጥግ ላይ ያሉት፣ ጆሮአቸው የከበደው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ሰሙ።