የኛዳክ ኤሲ

ሙቀት ሰውን እኩል ያደርጋል የሚል ሰው ጁባን አያውቅም። ፀሐይዋ እርግጥ አንድ ናት፤ የካቲት ላይ ጄኔራሉንም ውኃ ሻጩንም ሳታዳላ ትጠብሳለች። ልዩነቱ የሚጀምረው ከጣሪያ በታች ነው። እዚህ ከተማ ሰው ኑሮው እንደሞላለት የሚታወቀው በመኪናው አይደለም፤ መኪናማ የመሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። የሚታወቀው ከቤቱ ግድግዳ ውጭ ተንጠልጥሎ በሚያጓራው፣ ውኃ በሚያንጠባጥበው ነጭ ሣጥን ነው። እኔም አንድ አለኝ። አለኝ ስል፣ የእኔ አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅም ያሉት አባቶቻችን ስለ ሰው ኤሲ ያሉት ነገር የለም። የሰው ኤሲ በደንብ ያቀዘቅዛል። ሲሠራ ማለቴ ነው።

ኤሲ ያላችሁ ወይም የምትመኙ፣ በላቤ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ጋዝ እንደ ላምባ ነዶ አያልቅም። ቴክኒሻኑ «ጋዝ ጨርሷል፣ እንሙላ» ካላችሁ፣ «የት ሄዶ?» በሉት። ጋዝ አያልቅም፤ ቀዳዳ አግኝቶ ይሄዳል። ቀዳዳው ሳይደፈን የሚሞላ ጋዝ በወንፊት እንደተቀዳ ውኃ ነው። ማጣሪያውን ራሳችሁ እጠቡት፤ ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል። መብራታችሁን ከምን እንደምታገኙም እወቁ። የእኔ ከጎረቤት ሆቴል ጄኔሬተር በገመድ ተስቦ የሚመጣ ነው፤ ሆቴሉ ፍሪጆቹን ባስነሳ ቁጥር ኃይሉ ይወርድና የእኔ ኤሲ ነፍሱ ትወጣለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋጋ የሚጠየቀው መሰላሉ ግድግዳ ከመንካቱ በፊት ነው። ሰውዬው አንዴ ከወጣ በኋላ፣ ላይ ያለው እሱ ነው፤ ታች ያላችሁት እናንተ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። ካስተም ገበያ ብትወርዱ ኡጋንዳዊ ጠጋኝ አለ፣ ሱዳናዊ አለ። እኛ ግን የአገር ልጅ ካልሆነ አይጥመንም፤ የአገር ልጅም ቢሆን የጸሎት ቤታችን ልጅ ቢሆን ይመረጣል። እናም በረከትን ጠራሁ። በረከት ወንድማችን ነው፤ መዝሙር ሲመራ ድምፁ ያስለቅሳል። መሰላሉን ከማቆሙ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል። ለቤቱ ይጸልያል፣ ለእኔ ይጸልያል፣ ለኤሲውም ይጸልያል። አሁን እስቲ ፍረዱኝ፣ አሜን ያለ አፍ ወዲያው «ስንት ታስከፍላለህ?» ማለት ይችላል?

«እህት ጽጌ፣ ጋዝ ነው» ይለኛል ከላይ ሆኖ።

«ባለፈውም ጋዝ ነበር እኮ፣ ወንድም በረከት።»

«እሱማ አልቆ ነዋ!»

እኔም አሜን እላለሁ። አሜን የምለው የዋህ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ባለው ልማድ ተከራይ ያስጠግናል፣ ወጪው ከኪራይ ይቀነሳል፣ ከውስጥ የወጣው የተበላሸ ዕቃ ደግሞ ለማስረጃ ያህል ለባለቤት ይታያል። እንግዲህ አሜን የምለው እኔ ነበርኩ፤ ከፋይዋ ኛዳክ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው።

ኛዳክ ይህ አትላባራ ሰፈር ያለው ቤት ባለቤት ናት። ኑዌር ናት፤ ጋምቤላ አድጋ፣ እዚያው ተምራ፣ አገሯ ነፃ ስትወጣ ተመለሰች። አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ቤቱን ጡብ በጡብ ያሠራችው እሷ ናት፤ ኤሲውንም ከካስተም እስከዚህ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ነው ያመጣችው። እኔ የጓሮዋ ክፍል ተከራይ ነበርኩ። ያ ታኅሣሥ መጥቶ ከተማው በተኩስ ሲናጥ፣ የኑዌር ስምና ቋንቋ ብቻውን የሚያስገድል ሆነ። ልጆቿን ይዛ የሸሸ ሰው ወደሚጠለልበት የሰላም አስከባሪዎች ግቢ ሮጣ ገባች። እስካሁን አልወጣችም። በስልክ «ዋናው ቤት ግቢበት፣ ባዶ እንዳይሆን» አለችኝ፤ ገባሁበት። ኤሲው ወዳለበት። የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። እኔ እያለቀስኩ ላስኩ።

ከዚያ ወዲህ ዓመት አለፈ። ባለፈው የካቲት በረከት መጥቶ ጸልዮ ከሄደ በኋላ ከኪራዩ የተረፈው ነገር አሳፈረኝ። ያንኑ ቦርሳዬ ውስጥ፣ የኤሲውን የተበላሹ ዕቃዎች በፌስታል ይዤ ወደ ግቢው ሄድኩ። ሁለት ነገር ልነግራት ቆርጬ ነበር። አንደኛው፣ ኤሲውን ከእንግዲህ እንደማጠፋውና ኪራዩ ሳይሸራረፍ እንደሚደርሳት። ሁለተኛው፣ ባሌ ካምፓላ ሥራ አግኝቶ «ነይ» እንዳለኝ፣ የአውቶቡስ ቲኬትም እንደገዛሁ። ቤቱ ባዶውን ሊቀር ነው ማለት ነው። የመጀመሪያውን ለማጣፈጫ፣ ሁለተኛውን ለማዋጥ መሆኑ ነው።

የካቲት ላይ ፕላስቲክ ድንኳን ውስጥ መኖር እንዴት እንደሆነ ላውራችሁ ብል እዋሻለሁ። ለጥቂት ጊዜ ተቀምጬ ወጣሁ እንጂ አልኖርኩበትም። ጭንቅላቴ የተከደነ ድስት ውስጥ የገባ መሰለኝ። ትንሿ ልጇ ካርቶን ላይ ተኝታለች፤ ያለበሰቻት እርጥብ ጨርቅ ዓይኔ እያየ ደረቀ።

«ነይ እቴ፣ ነይ፣ ቤቴ እንዴት ነው?» አለችኝ። እኔን ከመጠየቋ በፊት ቤቱን።

ፌስታሉን ዘረገፍኩላት። የተቃጠለ ነገር፣ የተቆረጠ የመዳብ ቱቦ፣ የተሰበረ የማራገቢያ ክንፍ።

«ይሄ ሁሉ ከሆዱ ወጣ?»

«ወጣ።»

«ታዲያ ምን ቀረው!» ብላ ሳቀች። ሳቋ የድሮው ነው፤ ሰውነቷ ብቻ ነው ያለቀው። የሰጠኋትን ገንዘብ ሳታየው ወደ ጎን አስቀመጠችና የማራገቢያውን ክንፍ አነሳች፤ በቀሚሷ ጠረገችው፤ ከዚያ ልጅቷን ታራግብ ጀመር። «አየሽ?» አለችኝ። «የእኔም ኤሲ ሠራ።»

ፈጥኜ የመጀመሪያውን ተናገርኩ፤ ኤሲውን ከዛሬ ጀምሮ አጠፋዋለሁ፣ ኪራይሽ ሙሉውን ይመጣል አልኳት። ምርቃት ሳልጠብቅ አልቀረሁም። ክንፉ እጇ ላይ ቆመ።

«አብደሻል እንዴ ጽጌ?»

«ለአንቺ ብዬ ነው እኮ...»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ አታጥፊው! ሎሎጎ ሰፈር ያለውን የእህቴን ቤት አላየሽም? ተከራዩ አገሩ ገባ፣ ቤቱ ዝም አለ። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ወታደር ሚስቱንና አልጋውን ይዞ ገባበት። ‹ሲድ ቤት ማፊ› አሉ፣ ባለቤት የለውም አሉ። ማን ሄዶ አለው ይበላቸው? እኔ ከዚህ በር ልውጣ?» ልጅቷን ማራገቧን ቀጠለች። «በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ሰው ያንን ጩኸት ሲሰማ ‹ሐበሾች አሉ› ብሎ ያልፋል። እስከ ዛሬ ስትቀንሺብኝ ዝም ያልኩሽ ለብርዱ መሰለሽ? ለጩኸቱ ነው የምከፍለው።»

ከዚያ እጄን ያዘችኝ። እጇ ይፋጃል። «አንቺ ስላለሽልኝ ነው የምተኛው» አለችኝ።

ሁለተኛውን ነገር ሳልነግራት ይዤው ወጣሁ። እስካሁንም እኔው ጋ ነው።

በረከትን ከዚያ ወዲህ አልጠራሁትም። ጋዙ እንደ ልማዱ ሄደ፤ አላስሞላሁትም። አሁን ማራገቢያው ብቻ ይዞራል፤ በረከት የተሰበረውን ክንፍ ሲተካ በደንብ ስላልገጠመው ከድሮው ይልቅ ያጓራል፤ በዚህስ ሳልመርቀው አላልፍም። ኪራዩ ሳይጎድል ለኛዳክ ይደርሳል። እኔ ኤሲ ባለበት ቤት ውስጥ በላብ ታጥቤ እቀመጣለሁ። ይህን ያደረግሁት ለንስሐ ነው ብዬ ነበር፤ ግን የእኔ ላብ ያቺን ድንኳን በምንም አያበርዳትም።

ችግሩ ሆቴሉ ጄኔሬተሩን ሲያጠፋ ነው። ቤቱ ድንገት ጭጭ ይላል። በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ኮቴ ቀስ ያለ ይመስለኛል፤ አንዳንዱም በእርግጥ ቀስ ይላል። ያን ጊዜ ተነሥቼ ድስት አንኳኳለሁ፤ እዘምራለሁም። ድምፄ የበረከት አይደለም፤ የሚያስለቅስ ከሆነም በሌላ ምክንያት ነው። ኮቴው እስኪርቅ ሳላቋርጥ እዘምራለሁ።

እንግዲህ የቤት ባለቤቶች ልብ በሉ፤ እኔ ከኤሲ እረክሳለሁ። የመብራት ኃይል የሚያስተካክል ስታቢላይዘር አልፈልግም፣ መሰላልም አልፈልግም። ብቻ አንድ ነገር፤ ጋዝ አያልቅም፣ ቀዳዳ አግኝቶ ይሄዳል ብያችሁ የለም? የካምፓላውን ቲኬት ቀኑን እያስለወጥኩ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አልቀደድኩትም።