ክሩ ከማን ሱቅ ነው?

ገበያ መሃል ውሎ ያረጀ ሰው ያውቀዋል፤ ሰው ሲቀየም ቶሎ የሚያኮርፈው ኪሱ ነው። "የእሱን ጨው ከምልስ አልጫ ልብላ" ይላል። ይበላ! ሹሙ ዘንድ መድረስ ያልቻለ ነጋዴውን ይይዛል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ። በትልቅ ከተማ ይህ ቀላል ነው፤ አንዱን ሱቅ ያኮረፈ ከጎኑ ካለው ይገባል። በእኛ ሰቆጣ ግን፣ ቢያንስ በእኛ ሰፈር፣ ደህና አቡጀዲና ክር ያለው ካሳ ብቻ ነበር። ከአበርገሌ ቆላ ፍየሉን ነድቶ ወጥቶ የሸጠውም ሰው ለሚስቱ ጨርቅ የሚገዛው ከእሱ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቆይ፣ ሳትሰሙ አትፍረዱ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ከካሳ ሱቅ ፊት ለፊት፣ በረንዳ ላይ ነች። ጎረቤቶቼ አያ ሞገስና ባለቤታቸው እትዬ ትርንጎ አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ለድንበሩ ጦርነት ሄዶ ቀረ። መርዶውን ሰምተን አብረን አለቀስን። ካሳ ድንኳኑን ተክሎ፣ ሚስቱም ከእትዬ ጎን ከል ለብሳ ከረሙ። እትዬ የካሳ ሴት ልጅ የክርስትና እናት ናቸውና ቤተሰብ ነበሩ። እትዬና የካሳ ሚስት በኽምጣኛ ወሬ ከያዙ ፀሐይ ትጠልቃለች እንጂ እነሱ አይነሱም።

ከዚያ የዘጠና ሰባቱ ምርጫ መጣ። ካሳ ሥልጣን ላይ ላለው ወገን ሊቀሰቅስ መድረክ ወጣ። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ "ነጋዴ ነኝ፤ ፈቃዴን የሚያድሰው ማን ሆነና?" አለኝ። እሱስ ይሁን። ግን ማይክ ሰው ያሳብዳል መሰል፣ "ለዚያ ጦርነት በከፈልነው ዋጋ እንኮራለን!" ብሎ ጮኸ። ከሕዝቡ መሃል አያ ሞገስ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"አንተ የትኛውን ልጅህን ከፈልክ?"

ካሳ ማይኩን አስቀምጦ ከመድረኩ ወረደ። በዚያው ቀን አያ ሞገስ ቤታቸው ገብተው በሚካኤል ገዘቱ፦ ከካሳ ሱቅ የተገዛ ነገር፣ ክርም ትሁን ክብሪት፣ ደጃቸውን እንዳያልፍ። በእኛ አገር ግዝት ቀልድ አይደለም። የንስሐ አባታቸው "ተወው፣ ይፈታ" ብለው ቢለምኗቸው፣ "መጀመሪያ ልጄን ይመልሱልኝ" አሏቸው። ምን ይመለሳል? እውነታቸውን ነበር፤ ያ ነው የሚያስቸግረው።

በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች። ካሳ አንድ ቤት ደንበኛ ቢቀርበት ምንም አልሆነም። የጎደለው የእትዬ ኑሮ ነው። እግራቸው ከካሳ ቤት ቀረና ወዳጃቸውን የሚያገኟት ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ብቻ ሆነ። ቀሚሳቸው ሲቀደድ ወደ እኔ ያመጡትና፣ ገና ሳይቀመጡ፣ "ወንድሜ፣ ክሩ ከማን ሱቅ ነው?" ይሉኛል። ለእሳቸው ስል ከኮረም ክር አስመጥቼ ለብቻው አስቀመጥኩ። የኮረሙ ነጋዴ ለማን እንደሚያጨበጭብ ማናችንም አልጠየቅንም፤ ሩቅ ያለ ሰው ኃጢአቱም ሩቅ ነው። ጨርቅ ከዚያ ማስመጣት ግን ከአቅማቸው በላይ ነበርና ጥገናው በጥገና ላይ ተደርቦ ቀሚሱ የቱ እንደሆነ እስኪጠፋኝ ደረስኩ። የክርስትና ልጃቸው ስታገባ እንኳ ሰርጓ ላይ አልተገኙም። "ይህን ለብሼ?" አሉኝ፣ ሳቅ ብለው። ሲወጡ ግን ዓይናቸው ካሳ ደጅ ከተሰቀለው ነጭ አቡጀዲ ላይ ቀረ።

ክረምት ላይ እትዬ ታመሙና ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። መግነዝ ያስፈልጋል። የኮረምን መንገድ ጎርፍ ቆርጦታል፤ ሬሳ ደግሞ መንገድ እስኪጠገን አይጠብቅም። አያ ሞገስ "ግዝቴን እንዳታስጥሱኝ" ይላሉ። በዝናቡ ሮጬ ካሳ ዘንድ ስደርስ ሱቁን ዘግቶ፣ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። አቡጀዲው ከጎኑ ተቆርጦ ተጣጥፏል።

"ለእሷ አልሸጥም" አለኝ ገና ሳልናገር። "ውሰድላት።"

አያ ሞገስ ጨርቁን ሲያዩ ገባቸው። "ከየት ተገዛ?"

"አልተገዛም፣ አያ። ካሳ ነው የሰጠው።"

ይወረውሩታል ብለን ፈራን። እሳቸው ግን በእጃቸው ዳበሱት፤ ወደ ፊታቸው አስጠጉት።

"አዲስ ነው" አሉ። "ከልጄ ወዲህ አዲስ ለብሳ አታውቅም እኮ። በቁሟ ከልክዬ ለአፈር አለበስኳት!"

ያን ጩኸት ለጠላቴም አልመኝም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ካሳ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዞ ነበር፤ ልቀቅ ያለው ሰው የለም።

ከአርባው በኋላ አያ ሞገስ የተቀደደ ኮታቸውን ይዘው ወደ በረንዳዬ መጡ። የኮረሙን ክር ሳወጣ እጄን ያዙኝ።

"ከካሳ ሱቅ ባለው ስፋልኝ።"

"ግዝቱስ?"

"ልጄ አልተመለሰልኝ፤ እሷም ሄደች። ከማን ጋር ሆኜ ልጠብቀው?"

ሰፋሁላቸው። ከሄዱ በኋላ ሁለቱን ጥቅል ክር ጎን ለጎን አድርጌ ገልበጥ ገልበጥ አደረግኋቸው። የአንድ ፋብሪካ ናቸው።