ሞተሬ በደንብ ይተንፍስ ብዬ

ሞተር ሳይክል በገዛ በሳምንቱ ከፋብሪካው በላይ አዋቂ የሚሆን ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? እንግዲያው ተዋወቁኝ፤ አሶሳ ተመድቤ ፊዚክስ የማስተምር መምህር ነኝ። ሞተሬ ታፍኖ መኖሩ ቢያሳዝነኝ፣ ለካርቡሬተሩ አየር የሚያጣራለትን ፊልትሮ በገዛ እጄ ነቅዬ ጣልኩለት። እንዴት እንዳገሳ ብትሰሙ! የገበያው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሞተር ይዞ ማን ቤቱ ይቀመጣል? ካማሺ ድረስ ልነዳው ተነሳሁ።

ከከተማው እንደወጣሁ አቧራው ቢበረታብኝ አፍንጫዬን በፎጣ ሸብ አደረግኩ። ሞተሩ ግን አስሎ አስሎ ቀጥ አለ። እየገፋሁ መለስኩት። መካኒኩ አልማሕዲ ካርቡሬተሩን ፈቶ አፈሩን ዘረገፈና ቀና ብሎ አየኝ።

"መምህር፣ የራስህን አፍንጫ ሸፍነህ የሞተሩን ገለጥክ?"

ፎጣውን ሳልፈታ፣ "ድምፁን ግን ሰምተሃል?" አልኩት።