ሰማው በሕይወት እያለ የተተከለው ድንኳን

ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐምሌ 26 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት
ቦታ፦ ሞጣ፣ የላይ ሰፈር መረዳጃ ዕድር ግቢ
የተገኙ አባላት፦ መርጌታ አካለ ወልድ (ሰብሳቢ)፣ አቶ ስጦታው (ዕቃ ያዥ)፣ አቶ ታዘበው (ጡሩንባ ነፊ)፣ ኃይለ ሚካኤል (ጸሐፊ)። አምስተኛው አባል ዝናብ ፈርተው ቢቀሩም ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።
በጥሪ የቀረቡ፦ ወ/ሮ አስቻለች፣ ልጃቸው ሰማው፣ ፎቶ አንሺዋ ወ/ሪት ብሩክታይት።

አጀንዳ 1፦ ሰው ሳይሞት ስለተነፋው ጡሩንባ

አቶ ታዘበው ሲያስረዱ፣ ሰማው ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ሲዘል አየር ላይ የተነሳው ፎቶ በትልቁ ታጥቦ፣ በፍሬም ገብቶ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ተሰቅሎ ማየታቸውን ገልጸዋል። «ቆሞ ለሚሄድ ሰው ይህን የሚያህል ፎቶ የሚያሳጥብ ማን አለ?» ብለው ጡሩንባውን ነፍተዋል። አቶ ስጦታው ድንኳኑን ሲተክሉ ካስማ ይዞ የረዳቸው ራሱ ሰማው እንደነበረ፣ ማን እንደሞተ ሲጠይቃቸውም «ዝም ብለህ ያዝ» እንዳሉት አምነዋል። ወ/ሮ አስቻለች በበኩላቸው ቢቸና ሳሉ መርዶ ደርሷቸው፣ «ፊቴን እየነጨሁ ብመጣ ልጄን ንፍሮ ሲያዞር አገኘሁት» ብለዋል። አቶ ታዘበው ይቅርታ እንዲጠይቁ ቢነገራቸው፣ መጀመሪያ ፎቶ አንሺዋ ትጠይቅ ብለዋል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ዝላዩ

ሰማው ስፖርቱ ፓርኩር እንደሚባል፣ ቀድሞ የሚለመደውም መዝለሉ ሳይሆን ጉልበት አጥፎ ማረፉ እንደሆነ አስረድቷል። ወ/ሪት ብሩክታይት ሲያርፍም አንስታው እንደነበር፣ ነገር ግን የሚታየው ጭቃ ብቻ ስለሆነ እንዳላጠበችው ተናግራለች። ሰብሳቢው እንዲህ ያለ ቤተሰብ ዕድሩን እንደሚያደኸይ ሲናገሩ፣ ወ/ሮ አስቻለች «ከዕድር ብታስወጡኝ እኔን ማን ይቀብረኛል?» ብለው አልቅሰዋል። ጸሐፊው ማዘኑ እንዲመዘገብለት ጠይቆ ተመዝግቧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ሁለት እግሩ ባንዴ መሬት ሲለቅ ፎቶ የተነሳ ማንኛውም ሰው ከነቤተሰቡ ከዕድሩ እንዲሰረዝ በድምፅ ብልጫ ተወስኗል። በዚሁ መሠረት ወ/ሮ አስቻለች ተሰርዘዋል። ስብሰባው 10፡00 ሰዓት ላይ ተዘግቷል።

ሆኖም አባላቱ ሲወጡ የግቢው በር ላይ ያለው ቦይ በጎርፍ ሞልቶ ተገኘ። ሰማው ቀድሞ ተሻገረና፣ «የኔታ፣ ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ» እያለ ሰብሳቢውን፣ ከዚያም አቶ ስጦታውንና አቶ ታዘበውን አዘለላቸው። ሰብሳቢው ኩታቸውን ሰብስበው በጣም ጥሩ ዘለዋል። ወ/ሪት ብሩክታይት ሦስቱንም አየር ላይ ሳሉ አነሳቻቸው።

ጉባኤው ቦዩ ዳር ቆሞ እንደገና ተከፈተ። ሦስቱም በራሳቸው ውሳኔ መሰረዛቸው፣ ከተገኙት አባላት ለዕድሩ የቀረውም ጸሐፊው ብቻ መሆኑ ተገለጸ። ስለሆነም ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠርና ወ/ሮ አስቻለች በአባልነታቸው እንዲቀጥሉ በሙሉ ድምፅ ተወስኖ፣ ጉባኤው 10፡20 ሰዓት ላይ ተበትኗል።

ፊርማ ለማሰባሰብ ጸሐፊውም ወደ ማዶ ተሻግሯል። እንዴት እንደተሻገረ አልተመዘገበም።