ሲያጠፉት የሚበራው መደርደሪያ

በየቤተሰቡ አንድ «ምን አላት» አለ። የለንም የሚል ቤተሰብ ካጋጠማችሁ በሮቹን አይታችሁ ፍረዱ፤ ሁሉም ያለ ትግል የሚዘጉ ከሆነ እውነቱን ነው። ምን አላት ማለት ቧንቧ ፈሰሰ ሲባል እጅጌውን የሚሰበስብ፣ ሙያተኛ መጥራትን እንደ ሽንፈት የሚቆጥር፣ መሬት ተሰነጠቀች ብትሉት እንኳ «ምን አላት! ትንሽ ሲሚንቶ ነው» የሚላችሁ ሰው ነው።

የኛው ክቡር ምን አላት የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። እንጀራቸው መዝገብ ቤት ነው፤ ልባቸው ግን የተበላሸ ነገር ያለበት ቤት ሁሉ ነው። የወጥ ቤታችን በር ከፍ ተደርጎ በጉልበት ካልተገፋ አይዘጋም፤ እሳቸው ጠግነውታል። የሞቀው ውሃ በሰማያዊው ቧንቧ ይወርዳል፤ እሳቸው ገጥመውታል። የግድግዳ ሰዓታችን ሩብ ሰዓት ይቀድማል። «መቅደም ማንን ጎድቶ ያውቃል?» ይላሉ።

ከእኚህ ሰው አፍ ወጥቶ የማያውቅ አንድ ቃል ነበር፤ «ተሳሳትኩ»። በሩ ነው የተሳሳተው። ቧንቧው ነው የተሳሳተው። አንዴ ወንበር ጠግነው አብረው ሲወድቁ፣ መሬት ላይ እንደተቀመጡ «ወለሉ ነው» ብለዋል።

አስራ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ መጽሐፎቼ አልጋዬ ስር በካርቶን ይኖሩ ነበር። ወለሉ እርጥበት ስላለው ሁለቱ ሻገቱብኝ። ብዙ ጓደኛ ለሌለው ሰው ሁለት መጽሐፍ ትልቅ ሐዘን ነው። እናቴ ግን ሽታውን እንጂ ሐዘኑን አላየችም።

«እስከ እሑድ ከመሬት ካልተነሱ ለባለሱቁ መጠቅለያ ነው የምሰጣቸው!» አለች።

ክቡርነታቸው ሻይ ይጠጡ ነበር። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ምን አላት! ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መደርደሪያ እሠራለታለሁ። መብራትም ከሆዱ ይወጣል።»

«እግሩስ?»

«እግር የለውም እትዬ። አየር ላይ ይንሳፈፋል።»

«እንዳንተ ወሬ?»

ቅዳሜ ጠዋት ከነድሪላቸው መጡ። መጀመሪያ የእንጨት አፅም በብሎን ግድግዳው ላይ አሰሩ፤ በላዩ ላይ የኮምፔንሳቶ ሳንቃው እንደ እጅጌ ሊለብስበት ነው። የፊቱን ስፋት ብቻ ለክተው አስቆርጠው ነበርና፣ ሳንቃው ወደ ውስጥ ሲገፋ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ክፍሌ ወደ ውስጥ ሲገባ ይጠባል። ክቡርነታቸው ወደ ኋላ ሄደው ግድግዳውን እንደ ዳኛ ረጅም ጊዜ አዩት።

«ግድግዳው ነው የተሳሳተው» ሲሉ ፈረዱ።

ከዚያ ጫፉን በመጋዝ በሉት። አሁን ገባ፤ ግን በፊት በኩል ሁለት ጣት ክፍተት ተረፈ። «የመጽሐፎቹ መተንፈሻ ነው።» ውሃ ልክ ስላልነበራቸው በብርጭቆ ውሃ ሞልተው ሳንቃው ላይ አስቀመጡ፤ ውሃው ወዴትም አለማጋደሉን አይተው ጠጡት። በመጨረሻም በሁለት እጃቸው ተንጠለጠሉበት፤ እግራቸው ከመሬት ተነሳ።

«እኔን ከቻለ፣ መጽሐፍ ምን አላት!»

እሑድ ማታ መጽሐፎቼ በሙሉ ከወለሉ ተነስተው ተሰለፉ። እናቴ በሩ ጋ ያለውን ማብሪያ ተጫነች። የጣሪያው አምፖል በራ፤ መደርደሪያው ጨለማ። አጠፋች። አምፖሉ ጠፋ፤ መደርደሪያው ከሆዱ ቦግ አለ። ደግማ አበራች፤ መደርደሪያው ጠፋ። ሳቋ እንባ እስኪያመጣ ድረስ ተንከተከተች።

«አንተ ሰውዬ፣ ስናጠፋው የሚበራ መብራት ሠራህልን?»

የተሳሳተው ማን እንደሆነ ለመስማት ጠበቅን። አምፖሉ ይሆን? ገመዱ? ክቡርነታቸው የድሪላቸውን ገመድ እየጠቀለሉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ተሳስቼ ነው» አሉ።

እናቴ ግንባራቸውን በእጇ ዳሰሰች። «አሞሃል እንዴ?»

ሳቅ ሆኖ ቀረ። ለዘመድ ሁሉ ተነገረ፤ ምን አላት ተሳሳቱ ተባለ። እሳቸውም በየሄዱበት ሲሳቅባቸው ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ተጠቀምኩ። እናቴ ማታ ማታ «ዓይንህ ይጠፋል» ብላ መብራቱን አጥፍታብኝ ስትሄድ፣ ከመደርደሪያው በፊት ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ በስልክ መብራት ነበር የማነበው። አሁን አጥፍታ «ይሄ ጉደኛ!» እያለች በሩን ስትዘጋ መደርደሪያው በራሱ ይበራልኛል። ሳነብ ቆይቼ ከመደርደሪያው ጋር ትራሴ አጠገብ የተገጠመችውን ትንሽ ማጥፊያ ተጭኜ እተኛለሁ።

ከወራት በኋላ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለሌላ ነገር መጣ። እናቴ «እግረ መንገድህን ያንን ጉደኛ ማብሪያ እይልን» አለችው። ክዳኑን ፈታና አፈጠጠበት።

«ማነው የሠራው?»

«አጎቴ። ተሳስተው ነው።»

«የምን መሳሳት! ተራ ማብሪያ ሁለት ገመድ ነው የሚይዘው። ይሄ ባለ ሦስቱ ነው፤ ከደረጃ ላይና ታች የሚገጠመው ማብሪያ። ዞሮ ፈልጎ ነው የገዛው። አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲበራ አድርጎ ነው ያሰረው፤ በጣም በደንብ።» ወደ ትራሴ ዞረ። «ያቺን ማጥፊያም እኮ አስቦባታል።»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከመደርደሪያው በፊት አንድ ቀን አጎቴን ዝናብ ይዟቸው እኔ ክፍል ፍራሽ ላይ አድረው ነበር። በስልክ መብራት ሳነብ ቆይቼ ብርድ ልብሴን ገልጬ አየር ስስብ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አጎቴ ስለሠሩት ነገር ሁሉ ያወራሉ፤ በትክክል ስለሠሩት አንድ ነገር ግን ዋሹ። በሕይወታቸው አንዴ «ተሳሳትኩ» ያሉት ሳይሳሳቱ ነው፤ ያውም ለኔ።

«ላስተካክለው?» አለ ሠራተኛው።

እናቴ ከወጥ ቤት ተጣራች። «ምን አለ? ማብሪያው ነው የተበላሸው?»

«አይደለም እማዬ» አልኳት፣ መልሶ እንዲገጥመው ክዳኑን አንስቼ ለሠራተኛው እያቀበልኩት። «ግድግዳው ነው የተሳሳተው።»