የቀኙ መስመር የታለ?

ወገን፣ ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ ታምኑኛላችሁ? እኔ ራሴ ገና አላመንኩም!

አቃቂ ያለ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ዛሬ የቡድን መሪ ሊያደርጉኝ ነበር። ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ሹመት!

ዲኑ ቢሮ ፕላኔን በፕሮጀክተር አሳየሁ። ከሰርቨር ክፍሉ ወደ ላይብረሪ ሁለት የፋይበር ኬብል፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። "ሥራውን ይካፈላሉ፤ አንዱ ቢቆረጥ ሌላው ሁሉንም ይይዘዋል" አልኩ። ዲኑ ደስ አላቸው።

አሁን ለእናንተ ልናዘዝ። በቀኝ የሚባል መስመር የለም።

አምና ቁፋሮ ስንጀምር በቀኝ በኩል ለምርቃት የተነጠፈ አዲስ ኮብልስቶን ነበር። የጠቅላላ አገልግሎቷ እትዬ አልማዝ "አንዷን ድንጋይ ብትነካ ተጣላን!" አሉኝ። ደብዳቤ ጽፎ መከራከር ታከተኝ። ሁለቱንም ኬብል በግራው ጉድጓድ ቀብሬ አፈር መለስኩበት። ፕላኑን ግን አላስተካከልኩም። ሲያዩት ያምር ነበራ!

ጥበቃው ጋሽ በቀለ ያኔ አይተውኛል። "ልጄ፣ ሁለቱንም እዚሁ?" ሲሉኝ "ጋሼ፣ ይሄ ቴክኖሎጂ ነው" አልኳቸው።

ምላሴን በቆረጠው!

ዛሬ ገና ሦስተኛው ስላይድ ላይ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። ላይብረሪ ውስጥ ተማሪዎች የኤግዚት ኤግዛም ሞዴል ፈተና ላይ ናቸው፤ ኔትወርክ ጠፋ!

"ሌላው ይይዘዋል አላልክም?" አሉ ዲኑ።

ወጣን። የውሃ ቧንቧ ሊቀብር የመጣ ኤክስካቫተር በግራ በኩል ቆሟል። ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት የተበጠሱ ኬብሎች ጎን ለጎን። ተማሪዎቹ ከበው ቪዲዮ ይቀርጻሉ።

"የቀኙ የታለ?" አሉ ዲኑ።

ጋሽ በቀለ ቀደሙኝ። "ጌታዬ፣ ሁለቱም እዚሁ ናቸው። ሲቀብር አይቼዋለሁ።" በክፋት አይደለም እኮ! የሚረዱኝ መስሏቸው ነው።

ዲኑ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። "ያልሠራኸውን ሥለህ ነው ያመጣህልኝ?" ብለው ሄዱ። ሹመቱም አብሯቸው ሄደ።

ኬብሉ ነገ ይቀጠላል። ሹመቱን የበላው ውሸቴ ነው፤ በጣም አፍሬያለሁ።

አሁን የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ ጠዋት ሸሚዜን ተኩሳ ነው የሸኘችኝ። ለእናቷማ "ተሹሟል" ብላ ቀድማ ደውላለች!

ሌላ ቀን ሰዓት የሚፈጀው ሰልፍ ዛሬ እንዴት ይፈጥናል!

እስኪ ምከሩኝ፣ ምን ብዬ ልግባ?