መሪጌታ ከአጥሩ ማዶ ምን ይጽፋሉ?

ወደ ሰው ጓሮ አንገቱን አስግጎ የሚመለከት ሰው ምን ፈልጎ ነው? እስቲ እናንተ ንገሩኝ። እኔ እንደሆንሁ ለደግ ነው ብዬ አላስብም።

ጠርጣራ ነህ ይሉኛል። ነኝ። ሠላሳ ዓመት አስተምሮ ጠርጣራ ያልሆነ መምህር ካለ፣ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ነበር ማለት ነው። ወገዳ ከተማ ሳስተምር አንዲት ልጅ ሒሳብ መቶ ከመቶ አመጣች። በእኔ ፈተና መቶ? ለብቻዋ አስቀምጬ፣ ሌላ ጥያቄ አውጥቼ፣ ደግሜ ፈተንኋት። ደግማ መቶ አመጣች። ከማን እንደገለበጠች እስከ ዛሬ አልደረስሁበትም።

ጡረታ ወጥቼ አርብ ገበያ ከተማ ስገባ የምጠረጥረው ሰው አጣሁና ወደ ባለቤቴ ወደ የሺ ዞርሁ። ጨው በዚህ ሳምንት ለምን ቶሎ አለቀ? ክዳኑን ማን ነው ያላላው? እንዲህ ባልሁ በሦስተኛው ቀን የሺ መኮትኮቻ አስጨበጠችኝና፣ ጓሮው ባዶ ነው፣ ሂድና መሬቱን መርምረው አለችኝ።

የጓሮ ሰው የሆንሁት እንዲህ ነው። ጎመን ዘራሁ፣ ነጭ ሽንኩርት ተከልሁ፣ ካሮት ዘራሁ። መቼም ካሮት የሚባል ነገር አያስተማምንም። ላዩ ቅጠል ነው፤ ሥሩ ምን እየሠራ እንደሆነ በምን ይታወቃል? በየቀኑ አንድ አንድ እየነቀልሁ አየሁት። ያረጋገጥሁት ካሮት ሁሉ ሞተ። የቀረውን ሳልወድ በግዴ አመንሁት፤ በቀለ።

ምን ልበላችሁ፣ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ቅጠሉን ገለጥ ሳደርግ፣ እርጥብ አፈር ሲሸተኝ፣ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ቅልል ይለኝ ጀመር። ምን እንደሆነ አልመረመርሁትም። ለየሺም አልነገርኋት።

ከጓሮዬ አጠገብ ያለው የጥሩዬ ቤት ነው። በመካከላችን ያለው አጥር ግራዋ ነው፤ አድጎ አድጎ ቁጥቋጦ ሆኗል። ጥሩዬ ደህና ጎረቤት ናት። መስከረም ላይ አባቷን አምጥታ ከእሷ ጋር አኖረቻቸው። መሪጌታ ይባቤ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክምና ድምፃቸው ሲዘጋ ነው የመጡት።

ታዲያ እኚህ ሰውዬ በየጠዋቱ ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ በርጩማቸውን ይዘው ግራዋው ሥር ይቀመጣሉ። ከነጠላቸው ሥር ወረቀት ያወጣሉ። ጆሯቸውን ወደ እኔ ጓሮ ያዘነብላሉ። ከዚያ ይጽፋሉ። ያዳምጣሉ፣ ይጽፋሉ። አንዳንዴም ለብቻቸው ፈገግ ይላሉ።

የተማረ ሰው፣ ያውም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማረ ሰው፣ በሰው ጎመን አንጻር ተቀምጦ ሲጽፍ እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? እኔም እሱኑ አሰብሁ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ጎመኔ ቢጫ ሆነ! ሮጬ ለየሺ ነገርኋት። ቢጫ የሆነው በቀን ሦስት ጊዜ ውኃ እየደፋህበት ነው አለችኝ። የማን ወገን እንደሆነች ያን ጊዜ ገባኝ።

ቀጥሎ ደግሞ የወሰኑ ነገር ትዝ አለኝ። በከተማው ቦታ ሊለካ ነው የሚል ወሬ ነበር። ሰውዬው ማስረጃ እያዘጋጁ ቢሆንስ? አርብ አርብ አይጽፉም፤ ይህንንም ልብ ብያለሁ። አርብ ገበያ ነው፤ መንገዱ ከጠዋት ጀምሮ በሰውና በአህያ ይሞላል። ምስክር በበዛበት ቀን የማይጻፍ ጽሑፍ ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው?

አንድ ማክሰኞ አላስችል ብሎኝ ጠጋ አልሁ።

«እንደምን አደሩ፣ መሪጌታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ምን እየጻፉ ነው?»

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉና በዚያ በሰለለ ድምፃቸው፣ «ዝም በል፣ መጣች» አሉኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። መጣች? ማን ናት የመጣችው? የቦታ ለኪዋ?

በቃ፣ ግራዋውን መንጥሬ በቆርቆሮ ልዘጋው ወሰንሁ። በማግሥቱ ገጀራዬን ስዬ ወጣሁ። መሪጌታ ከቦታቸው አሉ። ደህና አደሩ እንኳ አላልሁም። የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ መታሁት። ሁለተኛውን ልመታ ገጀራውን ሳነሳ ሽማግሌው ያለ ምርኩዝ ብድግ ብለው ቅርንጫፉን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«በእመቤቴ ይዤሃለሁ! እጅህን ሰብስብ! ልጆቿ አሉ!»

ያ የተዘጋ ድምፅ ከየት እንደወጣ አላውቅም። ገጀራዬ ከእጃቸው አንድ ስንዝር ያህል ሲቀረው ቆመ። ጥሩዬ ከዚያ፣ የሺ ከዚህ እየሮጡ ወጡ።

መሪጌታ ቅጠሉን ገለጥ አደረጉልኝ። ከስኒ የማትበልጥ ጎጆ፣ ውስጧ ሦስት የተከፈተ አፍ። እናትየዋ፣ ያቺ ሆዷ ቢጫ የሆነ ትንሽ ወፍ፣ ጣራዬ ላይ ሆና ትሰድበኛለች። የሺ ገጀራውን ከእጄ ወሰደችው።

ሽማግሌው በርጩማቸው ላይ ተመልሰው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ወረቀቱንም ሳልጠይቃቸው ዘረጉልኝ። ፊደል ነው፤ ቃል ግን አይደለም። ጺ ጺሩ፣ ጺ ጺሩ ይላል። ከፊደሉ በላይ፣ ድጓ ላይ እንደሚደረገው፣ የዜማ ምልክት ተደርድሯል፤ ይዘቱ፣ ድፋቱ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩ።

«ምንድን ነው ይኼ፣ አባቴ?»

«ዜማዋ ነዋ! እኔ ድምፄ ከሄደ ማዜም አልችልም። መስማት ግን አልተከለከልሁም። አየህ፣ ጠዋት በግዕዝ ዜማ ትጀምራለች። ፀሐይ ሞቅ ሲል ወደ አራራይ ትወጣለች። ይቺን ርክርክ አየሃት? ተማሪዎቼ ስንት ክረምት የሚያለቅሱባትን እሷ ጅራቷን እየነቀነቀች ታወርዳታለች።»

«አርብ ለምንድን ነው የማይጽፉት ታዲያ?»

«በዚያ ሁሉ አህያ ጩኸት ማን ይሰማታል?»

አፈርሁ። ግን ዓይኔ አያርፍም። ከወፏ መስመር ሥር ሌላ መስመር አየሁ። ወፈር ያለ፣ ድፋት የበዛበት።

«ይኼኛውስ? የባሏ ነው?»

«የአንተ ነው።»

አላዜምም አልሁ። በሕይወቴ አዚሜ አላውቅም አልሁ። መሪጌታ ተማሪያቸውን እንደሚያርሙ ሆነው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳለፉ።

«ስትኮተኩት ታዜማለህ። ውኃ ስታጠጣም ታዜማለህ። ካሮቱ ዘንድ ስትደርስ ድምፅህን ዝቅ ታደርገዋለህ፤ እሷ ቦታ ደህና ናት። እዚህ ጋ ብቻ ትስታለህ። ያን ጊዜ ወፏ ዝም ብላ ትጠብቅህና ስትጨርስ ትቀጥላለች።»

ወደ የሺ ዞርሁ። «እውነት ነው?»

«ከነሐሴ ጀምሮ» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ታቆም የለ?»

ሰው ሰረቅህ ተብሎ ቢያዝ ይክዳል። ደስ ብሎህ ነበር ተብሎ በጽሑፍ፣ በምልክት፣ ከነምስክሩ ሲያዝ ምን ብሎ ይካድ?

በማግሥቱ ይቅርታ ልጠይቅ አንድ እቅፍ ካሮት ይዤ ሄድሁ። መሪጌታ አንዱን አንስተው አገላበጡት፣ አሸተቱት፣ ቀና ብለውም አዩኝ። «ምን ፈልገህ ነው?» አሉኝ። ወዲያው ወደድኋቸው።

ጫጩቶቹ ክንፍ አውጥተው ከእናታቸው ጋር ሄዱ። ግራዋው ጭር አለ። ሽማግሌው ግን በርጩማቸውን ይዘው መምጣታቸውን አልተዉም፤ ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይጠብቃሉ። አሳዘኑኝ። አንድ ጠዋት እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ ያቺን የምስታትን ቦታ እየተጠነቀቅሁ፣ ከጎመኑ መካከል ቆሜ አዜምሁላቸው። እስክጨርስ ታገሡኝ። ከዚያ ወረቀታቸውን አጠፉት።

«አይሆንም» አሉ። «ዛሬ እያወቅህ ነው። ዝም ብለህ ካሮትህን ኮትኩት።»

ይኸው ሳላውቅ ለማዜም እየሞከርሁ ሁለተኛ ሳምንቴን ያዝሁ።